የፋንታሌው ቅልጥ አለት የት ገባ?

የመተሐራው መምህር (የውይይቱ ጀማሪ)

ጤና ይስጥልኝ። በፋንታሌ እሳተ ገሞራ አጠገብ ባለችው በመተሐራ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በአካባቢያችን ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ቆየ፤ በታኅሣሥ ወር ንዝረቱ በቀን ብዙ ጊዜ የሚሰማ ሆነ። ታኅሣሥ 25 ቀን በዶፈን ተራራ አጠገብ እንፋሎት ጭቃና ድንጋይ እየገፋ ከመሬት ተስፈንጥሮ ወጣ፤ የካቲት 7 ቀን ማታ ደግሞ በሬክተር መለኪያ ወደ 6 የሚጠጋ ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከአዋሽ ፋንታሌ፣ ከዱለቻና ከሌሎች አጎራባች ወረዳዎች ወጥቶ በመጠለያ ሰነበተ። ከዚያ በኋላ ንዝረቱ እየሳሳ ሄደ፤ ሁሉም የፈራው የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ግን አልመጣም።

አሁን ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ቅልጥ አለት ከሥር እየተንቀሳቀሰ ነው ተብሎ ከነበረ ያ ሁሉ ቅልጥ አለት የት ገባ? በከተማውም ውስጥ ባለሙያዎቹ ያለ ነገር አስደነገጡን፣ ከብታችንንና ቤታችንን ትተን የወጣነው በከንቱ ነው የሚል ቅሬታ እሰማለሁ። ቅሬታው እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ውጡ ሲባል የማይወጣ ሰው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው በዝርዝር ቢያስረዳን ለክፍሌም ለጎረቤቶቼም አነብላቸዋለሁ።


አለት አንባቢ

መምህር፣ በአጭሩ ለመመለስ ቅልጥ አለቱ የትም አልሄደም፤ ከእናንተ በታች በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ጥልቀት ላይ ጠጥሮ ቀርቷል። አልፈነዳም ማለት ምንም አልተፈጸመም ማለት አይደለም። እንዲያውም ስምጥ ሸለቆው የሚሰፋበት ዋናው ሥራ በዚያ ወቅት፣ ከዓይናችን ውጭ፣ ተከናውኗል። እንዴት እንደ ሆነ ከመሠረቱ ልጀምር።

የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የሚገኘው በሁለት ታላላቅ የመሬት ቅርፊት ሰሌዳዎች መካከል ነው። በምዕራብ በኩል ያለው የኑብያ ሰሌዳ ጎጃምንና አዲስ አበባን፣ በምሥራቅ በኩል ያለው የሶማልያ ሰሌዳ ደግሞ ሐረርንና ባሌን ተሸክመው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ይህ መራራቅ በየዓመቱ በገጸ ምድር ላይ ሲከፈት የሚታይ አይደለም። የላይኛው ቅርፊት ቀዝቃዛና ጠንካራ ስለ ሆነ ለብዙ ዘመን እየተወጠረ ይቆያል። ፋንታሌ ለመጨረሻ ጊዜ ላቫ፣ ማለትም ገጸ ምድር ላይ የወጣ ቅልጥ አለት፣ ያፈሰሰው ከዛሬ 200 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ 5 ሚሊ ሜትር በ200 ዓመት ሲባዛ 1 ሜትር ይሆናል። እንግዲህ መሬቱ በእነዚህ ሁለት ምዕተ ዓመታት ውስጥ አንድ ሜትር ያህል ሊከፈት ሲገባው ሳይከፈት የተጠራቀመ ውጥረት ይዞ ነበር ማለት ነው።

ከሥር ደግሞ ቅልጥ አለት በእሳተ ገሞራው ግርጌ ይጠራቀማል። ግፊቱ የዙሪያውን አለት ጥንካሬ ሲያሸንፍ ቅልጥ አለቱ የግድ ወደ ላይ አይወጣም፤ ለመሄድ የሚቀለውን አቅጣጫ ይመርጣል። በተወጠረ መሬት ውስጥ የሚቀለው አቅጣጫ ከውጥረቱ ጋር መስቀለኛ የሆነው ነው፤ ስምጥ ሸለቆው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ስለሚሳብ ስንጥቁ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይረዝማል። ቅልጥ አለቱም ሽብልቅ ግንድን እየሰነጠቀ እንደሚገባ፣ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ስስ ገጽ እየሠራ ወደ ጎን በአስር ኪሎ ሜትሮች ይጓዛል። ጂኦሎጂስቶች ይህንን ዳይክ ይሉታል። ንዝረቱ የሚነሣው ከዳይኩ ጫፍ ነው፤ ጫፉ አዲስ አለት በሰነጠቀ ቁጥር መሬት ይንቀጠቀጣል። የእናንተ ንዝረት ከፋንታሌ ተነስቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዶፈን እየሄደ እንደ ነበር ያስታውሱ። ያ ጉዞ የዳይኩ ጫፍ ጉዞ ነበር።

ታዲያ ለምን አልወጣም? ዳይክ ውፍረቱ ሜትሮች ብቻ ነው፤ በሁለት በኩል ያቀፈው አለት ደግሞ ከእርሱ እጅግ የቀዘቀዘ ነው። አንድ ሁለት ሜትር ውፍረት ያለው ቅልጥ አለት አዲስ ግፊት ካልመጣለት በሳምንታት ውስጥ ይጠጥራል። ከሥር የሚገፋው ክምችት ሲቀንስና የተጠራቀመው ውጥረት ሲረግብ ለመውጣት የሚያስገድደው ነገር አይኖርም። በዶፈን ያያችሁት እንፋሎትም ከጥልቁ የመጣው ሙቀት የከርሰ ምድርን ውኃ አፍልቶ ያስወጣው እንጂ ላቫ አልነበረም። በዓለም ዙሪያ በስምጥ ሸለቆዎች ውስጥ ከሚገቡት ዳይኮች አብዛኞቹ ገጸ ምድር ሳይደርሱ ይቀራሉ። ማስረጃው በአገራችን ተራሮች ላይ ይታያል፦ በጣና ዙሪያና በምዕራባዊው የአፋር ጠርዝ ላይ የአፈር መሸርሸር ያጋለጣቸው፣ ከዙሪያቸው አለት ተለይተው እንደ አጥር የቆሙ እጅግ ብዙ ጥንታዊ ዳይኮች አሉ። ደጋማው አገራችን ራሱ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእንደዚህ ያሉ ስንጥቆች ከፈሰሰ ላቫ የተሠራ ነው፤ የላቫው ንጣፍ በአንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይወፍራል፣ የስሜን ተራሮችም የተጠረቡት ከእርሱ ነው። ላሊበላም ቢሆን እሳተ ገሞራ በወለደው አለት ውስጥ የተፈለፈለ ነው።


ከሰመራ

አለት አንባቢ ያሉትን እኔ በማውቀው አገር ምሳሌ ላጠናክር። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ በዳባሁና በማንዳ ሐራሮ መካከል የሆነው ነገር ይህንኑ ነበር፤ መጠኑ ግን ከፋንታሌው እጅግ ይበልጣል። ከመስከረም 4 ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ቆየ፤ በደመራው ዕለት፣ መስከረም 16 ቀን፣ ዳዑሬ በሚባለው ስፍራ መሬቱ በግማሽ ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰንጥቆ አመድና ጭስ ወደ ሰማይ ተነሣ። አርብቶ አደሩ ከብቱን ይዞ ሸሸ፤ ግመልና ፍየል ወደ ስንጥቁ ገብቶ የጠፋበትም ነበር። ሳይንቲስቶች ከሳተላይት ምስል ሲለኩ የተገኘው 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ እስከ 8 ሜትር የተከፈተ ዳይክ ነበር። ከመሬት በታች የገባው ቅልጥ አለት 2.5 ኪሎ ሜትር ኩብ ገደማ ሲሆን በዳዑሬ የወጣው ግን ከዚያ ጋር ሲወዳደር ኢምንት ነው። በአፋር ሰሌዳዎቹ በዓመት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ ብንል ያ 8 ሜትር የ400 ዓመት ድርሻ ነው፤ የተከፈለውም በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው።

ሰዎች የማያነሡት ሌላው ነገር ጉዳዩ በዚያ አለማብቃቱ ነው። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ በዚያው መስመር ከአስር በላይ ሌሎች ዳይኮች ተከታትለው ገብተዋል፤ ጥቂቶቹ ብቻ ላቫ አፍስሰዋል። ስለዚህ ለመተሐራና ለአዋሽ ሰዎች የምመክረው ንዝረቱ ሲቆም ነገሩ አበቃለት ብሎ አለመዘናጋትን ነው።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. የፈነዳውን የኃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራንም አስቡት። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ኤርታ አሌ ሲፈነዳ ዳይክ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተጉዞ በኃይሊ ጉቢ ሥር አለፈ፤ በዚያን ጊዜ ኃይሊ ጉቢ ላቫ አላወጣም። ከአራት ወር በኋላ ግን አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ በቀይ ባሕር ላይ ተሻግሮ የመንን፣ ኦማንን አልፎ ፓኪስታንና ህንድ ደረሰ፤ በአፍዴራ አካባቢ ያለው የከብት ግጦሽ በአመድ ተሸፈነ። ሰው ስለ አውሮፕላን በረራ መስተጓጎል ብዙ ጻፈ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ፍየሎቻቸው አመድ የለበሰ ሣር የሚግጡባቸው ቤተሰቦች ነበሩ።


ጥያቄ አለኝ

ይቅርታ፣ ከውይይቱ ጋር የሚሄድ ይመስለኛል። በማኅበራዊ መገናኛ አፍሪካ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለሁለት ትከፈላለች፣ ባሕር ይገባል የሚል ነገር በየጊዜው ይዘዋወራል። በኬንያ መንገድ የበላው ስንጥቅ ፎቶግራፍም አብሮ ይመጣል። እውነት ነውን?


አለት አንባቢ

መከፈሉ እውነት ነው፤ ጥቂት ዓመታት የሚለው ግን አይደለም። ከላይ በሰጠሁት ፍጥነት በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ 1 ኪሎ ሜትር ለመስፋት 200,000 ዓመት ያስፈልጋል። የኬንያው ስንጥቅ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ከከባድ ዝናብ በኋላ በማይ ማሂዩ አካባቢ የታየ ነው፤ በልቅ የእሳተ ገሞራ አመድ የተሞላ የቆየ ጉድጓድ ውኃ ጠርጎት የተከፈተ መሆኑን የጎበኙት ጂኦሎጂስቶች አስረድተዋል። አንድ ሌሊት የፈጠረው የአህጉር መለያየት አድርጎ ማቅረብ ስህተት ነው።

ባሕሩን በተመለከተ ግን ዳናኪል፣ በሰሜን አፋር ያለው ዝቅተኛ በረሃ፣ የሚነግረን ታሪክ አለ። ቀይ ባሕር ቀደም ሲል ወደዚያ ዝቅተኛ ስፍራ ገብቶ ያውቃል፤ ከ120,000 ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ውስጥ የበቀለ የዛጎልና የኮራል ቅሪት ዛሬ በደረቅ በረሃ ጠርዝ ላይ ተሰልፎ ይታያል። ባሕሩ ተቆርጦ ሲተን የተወው ጨው ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይወፍራል፤ አሞሌ የሚቆርጡት የአፋር ሠራተኞች የሚሠሩት በዚያ ክምችት የላይኛው ገጽ ላይ ነው። የዳሎል አካባቢ ከባሕር ጠለል በታች ከ120 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ በሰሜን በኩል ያለው ከፍታ ቢሸረሸር ወይም ቢሰምጥ ውኃው ዳግመኛ ይገባል። ይህ በጂኦሎጂ የጊዜ ሚዛን የሚታሰብ ጉዳይ ነው። ለእኛ፣ ለልጆቻችንና ለልጅ ልጆቻችን የሚያሰጋው ባሕሩ አይደለም፤ የምንኖርበት ቤት ነው። መሐንዲሶች ካሉ በዚህ ላይ ቢናገሩ ደስ ይለኛል።


መሐንዲሷ

እናገራለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም። የምሠራው በአዲስ አበባ በሕንፃ ስትራክቸር ዘርፍ ነው። የካቲት 7 ቀን ማታ ብዙ ሰው በላይኛው ፎቅ ላይ ሳለ ሲወዛወዝ ተሰምቶት ወደ ደረጃ ሮጧል፤ በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት የነበረ ሰው ግን ምንም አልተሰማኝም ብሏል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ፋንታሌ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ያን ያህል መንገድ ሲጓዝ ፈጣኑ ንዝረት ይዳከማል፣ ዝግተኛው ግን ይደርሳል። ዝቅተኛ ቤት በፈጣኑ ንዝረት ይናወጣል፤ ባለ አስር ፎቅ ሕንፃ ደግሞ አንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ለመወዛወዝ ወደ አንድ ሰኮንድ ስለሚፈጅበት ከዝግተኛው ጋር ይገጥማል። በመረሬ፣ ማለትም በጥቁር ሸክላማ አፈር፣ ላይ ከሆነ ደግሞ ንዝረቱ ይጎላል፤ ከአዲስ አበባ አዳዲስ ሰፈሮች ብዙዎቹ በዚህ አፈር ላይ ናቸው።

የአገራችን የሕንፃ ኮድ ጉዳይ ሕዝብ ሊያውቀው የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኮድ መነሻ ያደረገው በ100 ዓመት አንዴ ሊደርስ የሚችለውን ንዝረት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አዲሱ ኮድ ግን በ475 ዓመት አንዴ ሊደርስ የሚችለውን መነሻ ያደርጋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ በቀድሞው ኮድ በቂ የተባለ ኮለንና ቢም (ቋሚና አግዳሚ ተሸካሚ) በአዲሱ ሲሰላ ላይበቃ ይችላል። በወረቀት ላይ ያለው ኮድ ደግሞ በሥራ ቦታ ካልተከበረ ዋጋ የለውም። በኮለንና በቢም መጋጠሚያ ላይ ስታፋ (ቋሚ ብረቶቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀለበት ብረት) ተራርቆ ሲታሰር፣ ምድር ቤቱ ለሱቅ ተብሎ ግድግዳ ሳይኖረው በቀጫጭን ኮለኖች ላይ ብቻ ሲቆም፣ የኮንክሪቱ ውኃ ለሥራ እንዲቀል ተብሎ ሲበዛ ሳይ አዝናለሁ፤ ይህ ሁሉ በሰላም ቀን የማይታይ ጉድለት ነው።

አዲስ አበባ ርቃለች የሚል መጽናኛም አልቀበልም። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ብርቱ ንዝረት ከተማዋን አናውጧል፤ ያን ጊዜ አብዛኛው ቤት ዝቅ ያለና ቀላል ነበር። ከተማዋ የተቆረቆረችበት ፍል ውኃ ራሱ የሚፈልቀው በከተማው መካከል በሚያልፍ የመሬት ስንጥቅ በኩል ነው።


አለት አንባቢ

በመሐንዲሷ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዳይክ የሚያስነሣው ንዝረት ብዛቱ ቢያስፈራም በአብዛኛው ከ6 አይበልጥም። የበለጠ አደገኛው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ፣ ደጋው ወደ ቆላ የሚወርድበት ገደል ሥር ያለው ትልቁ ስንጥቅ ነው። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በካራ ቆሬና በማጀቴ የደረሰው በሬክተር መለኪያ 6.5 አካባቢ ነበር፤ የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ተሰነጠቀ፤ ንዝረቱም ለወራት አላቋረጠም። በመለኪያው ላይ የአንድ ቁጥር ጭማሪ ማለት በጉልበት 32 እጥፍ መሆኑን ለተማሪዎችዎ ይንገሩልኝ፤ 5 እና 6 ጎን ለጎን ያሉ ትናንሽ ቁጥሮች መስለው ስለሚታዩ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ይህን ሁሉ የምናውቀው በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአራት ኪሎ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ስለ ተቋቋመ ነው። መሥራቹ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን ንዝረት በደረሰበት አገር ሁሉ እየዞሩ የሕዝቡን ምስክርነት፣ የቆዩ የተጓዦችን ማስታወሻና የገዳማትን ታሪክ ከመሣሪያው መዝገብ ጋር አስተያይተዋል። መሣሪያ ያልነበረበትን ዘመን የምናነበው ሰው ጽፎ በማቆየቱ ብቻ ነው።


ከሰመራ

ሰርዶን እንዳንረሳ። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሰመራ ብዙም የማትርቀው ያቺ መንደር በአንድ ቀን ፈርሳለች፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሁለተኛው ንዝረት መጣ። ቤቶቹ ከድንጋይ የተካቡ ነበሩ። ከሰሌንና ከእንጨት የሚሠራው የአፋር ባህላዊ ቤት ግን ቢወድቅም ሰው አይገድልም። ዘመናዊ ቤት መሥራት መልካም ነው፤ ድንጋይ በጭቃ ካቡ ተብሎ ግን ዘመናዊ አይሆንም።


የመተሐራው መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄዎች ይቀሩኛል። አንደኛው፣ በበሰቃ ሐይቅ መስፋፋትና በዚህ ንዝረት መካከል ግንኙነት አለ የሚሉ አሉ። ሁለተኛው የከሰም ግድብ ነው፤ ከግድቡ በታች ያሉ ዘመዶቻችን ዛሬም ይሰጋሉ። ደግሞም የትምህርት ቤታችን ግድግዳ በብሎኬት የተሠራ ሲሆን በመስኮቶቹ ማዕዘን ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ወጥቶበታል፤ ምን ባደርግ ይሻላል?


አለት አንባቢ

በሰቃን በተመለከተ፣ ሐይቁ ባለፉት 60 ዓመታት ገደማ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ተነስቶ ከ40 በላይ ደርሷል። ይህ ሁሉ የሆነው ከ2017ቱ ንዝረት ብዙ ቀድሞ ስለ ሆነ ዳይኩ ምክንያቱ ሊሆን አይችልም። ዋናው ምክንያት ወደ ሐይቁ የሚገባው የከርሰ ምድር ውኃ መጨመር ነው፤ በዙሪያው ያለው ሰፊ የመስኖ እርሻ የራሱ ድርሻ አለው። ስንጥቆቹ ውኃው የሚሄድበትን መንገድ ሊወስኑ ይችላሉ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን አልልም።


መሐንዲሷ

ስለ ከሰም ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ወደ 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ግድብ ንዝረቱ በነበረበት ቀጠና አጠገብ ይገኛል። ግድቡ የአፈርና የድንጋይ ሙሌት ነው። እንዲህ ያለ ግድብ በንዝረት ጊዜ እንደ ኮንክሪት ግድግዳ ተሰብሮ አይወድቅም፤ ጉዳቱ የሚጀምረው አናቱ ዝቅ ሲል፣ በርዝመቱ ስንጥቅ ሲወጣ ወይም ከግርጌው የሚንጠባጠበው ውኃ ሲጨምርና ሲደፈርስ ነው። ስለዚህ ዘመዶችዎ የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች የሚጠይቁት ጥያቄ ግልጽ ይሁን፦ የአናቱ ከፍታ ከንዝረቱ በፊትና በኋላ ተለክቷል ወይ፣ የሚንጠባጠበው ውኃ መጠኑና ጥራቱ በየጊዜው ይመዘገባል ወይ፣ ውጡ ቢባል ሕዝቡ የሚሄድበት ከፍታ ቦታ ተመርጧል ወይ? ይህን መጠየቅ መብት ነው፤ መልሱም በጽሑፍ ሊሰጥ ይገባል።

በመስኮት ማዕዘን ላይ የሚወጣ ሰያፍ ስንጥቅ ግድግዳው ወደ ጎን መገፋቱን ያመለክታል። ስንጥቁ በልስኑ ላይ ብቻ መሆኑን ወይም ብሎኬቱን አልፎ መሄዱን ለማወቅ ልስኑን በትንሹ አንሥተው ይመልከቱ። ብሎኬቱን ካለፈ፣ በተለይም ኮለን ወይም ቢም ላይ ከደረሰ፣ መሐንዲስ እስኪያየው ድረስ በዚያ ክፍል ተማሪ አይግባ። ዝም ብሎ በሲሚንቶ መድፈን ስንጥቁን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠነክረውም። ከጣሪያው ሥር ግድግዳውን ዙሪያውን የሚያስር ቶፕ ታይ ቢም መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከሌለ በጥገናው ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ከባድ ቁም ሣጥኖችን ከግድግዳ ጋር ያሳስሩ፤ በሮቹም ወደ ውጭ የሚከፈቱ ይሁኑ።


አለት አንባቢ

ለተማሪዎችዎ ደግሞ አንድ ሥራ ይስጡልኝ። በመስኩ ላይ የቀሩት ስንጥቆች በውኃና በአቧራ ከመሞላታቸው በፊት በአንዱ ስንጥቅ በሁለቱም ወገን ፌሮ ተክለው በሜትር የሚለካ ርቀት ይያዙ፤ በየወሩ አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜም ጠዋት ሙቀቱ ሳያይል፣ ይለኩና ይመዝግቡ። ንዝረት ሲሰማ ሰዓቱን፣ የነበሩበትን ቦታና ፎቅ፣ ዕቃ መውደቅ አለመውደቁን፣ ለስንት ሰኮንድ እንደ ቆየ ይጻፉ። ሳተላይት የመሬቱን መነሣትና መስጠም በሴንቲ ሜትር ይለካል፤ አንድ ሰው ከእንቅልፉ መንቃት አለመንቃቱን ግን አይነግረንም። ልኬቱን ከነቀኑ እዚሁ ውይይት ላይ ቢለጥፉልን ከሰመራ ያሉት ወንድማችንም በማንዳ ሐራሮ መስመር ተመሳሳዩን ማስጀመር ይችላሉ።


ከሰመራ

እችላለሁ። ፌሮ የሚተከልበትን ጥልቀት ብቻ ንገሩኝ፤ የእኛ መሬት አሸዋ ነው።


መሐንዲሷ

በአሸዋ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሜትር ያስገቡት፣ አፉንም በኮንክሪት ያስሩት፤ ከስንጥቁ ከንፈርም ሁለት ሜትር ራቅ ይበል፣ ከንፈሩ ሲናድ ልኬቱን ያበላሽብዎታልና።